የታንኳ ሠሪው ልጅና የገና ጨዋታ

የጣና ሐይቅ በኢትዮጵያ ከሚገኙት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚገኝበትም ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ታላቁ የዓባይ ወንዝም በከተማዪቱ አጠገብ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። በሐይቁ ውስጥ ብዙ ደሴቶች አሉ፤ በደሴቶቹም ላይ የቀደሙት አባቶች የሠሩአቸው ገዳማት ይገኛሉ።

በዚህ ሐይቅ ዳር ደንገል የሚባል ተክል ይበቅላል። ደንገል ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ነገር ግን እጅግ ቀላል ነው። አንዱን ደንገል ብቻውን ቢይዙት ትንሽ ልጅ እንኳ ሊያጥፈው ይችላል። ንፋስ ሲነፍስም ወዲያና ወዲህ ይወዘወዛል። ይህን ደካማ ተክል ያየ እንግዳ ሰው፣ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ያልፈው ይሆናል።

ታንኳ ሠሪው ግን አያልፈውም። ደንገሉን ይቆርጠዋል፤ በፀሐይም ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ብዙውን በአንድነት ሰብስቦ አጥብቆ ያስረዋል። ያን ጊዜ ለብቻው ይታጠፍ የነበረው ደንገል ታንኳ ይሆናል። ታንኳውም ሰውን ይሸከማል፤ እንጨትንና እህልንም ይጭናል፤ ማዕበሉንም እየቀዘፈ ከደሴት ወደ ደሴት ያደርሳል። የጣና ዳር ልጆች ሁሉ ይህን በየቀኑ ያያሉ፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚያዩትን ነገር የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው።

ከባሕር ዳር ጥቂት ራቅ ባለች በአንዲት መንደር ሁለት ብላቴኖች ይኖሩ ነበር። አንደኛው ብዙ መሬትና ብዙ ከብት ያለው ሰው ልጅ ነበረ። እርሱም በሩጫ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ይቀድም ነበር። ሁለተኛው ግን የታንኳ ሠሪ ልጅ ነበረ። የአባቱ ቤት ከሐይቁ ዳር ነበር፤ ሀብታቸውም ደንገሉና ውኃው ብቻ ነበር። በዚያም መንደር አንዳንድ ሰዎች በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሰው ይንቁ ነበር። ልጆቹም ይህን ንቀት ከታላላቆቻቸው ተማሩ፤ ክፉ ነገርን ለመማር መምህር አያስፈልግምና።

የታኅሣሥ ወር በገባ ጊዜ እህሉ ታጨደ፤ ሜዳውም ባዶ ሆነ። ታኅሣሥ የገና ጨዋታ ወራት ነው። ልጆቹም ጫፉ የተቆለመመ እንጨት ፍለጋ ወደ ዱር ወጡ። እንዲህ ያለው ዱላ የገና ዱላ ይባላል። በዱላውም የሚመቱት ክብ ነገር ጥንግ ይባላል፤ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ይሠራል። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ጥንጉንም በሜዳው መካከል ያኖሩታል። ከዚያም እያንዳንዱ ወገን ጥንጉን እየመታ ከባላጋራው ወሰን ለማሳለፍ ይሽቀዳደማል። ይህ ጨዋታ ከጥንት ከአባቶች የመጣ ነው። እረኞች የጌታችንን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በበትራቸው እንደ ተጫወቱ ይነገራል፤ ስለዚህም ጨዋታው በበዓሉ ስም ተጠራ።

የገና ጨዋታ አንድ የከበረ ልማድ አለው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ። ሎሌው የጌታውን ጥንግ ቢነጥቅ፣ በግጥምም ቢነካው፣ ጌታው ሊቆጣ አይገባውም። በሜዳው ላይ የሚታየው የሰው ጉልበትና ብልሃት ነው እንጂ የአባቱ ሀብት አይደለም።

በተቆለመመ ዱላ መጫወት በኢትዮጵያ ብቻ ያለ አይደለም። በሰሜን በኩል ካናዳ የምትባል እጅግ ብርዳም አገር አለች። በዚያ ክረምት በሆነ ጊዜ የሐይቁ ውኃ ከብርዱ የተነሣ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሰውም በላዩ ይሄድበታል። ጣና እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ያለ ታንኳ በእግር በተሄደ ነበር። የዚያ አገር ልጆች ከጫማቸው በታች ስለታም ብረት አስረው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ ይጫወታሉ፤ ጨዋታውም የበረዶ ሆኪ ይባላል። በ1867 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ በአንድ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ በዘጠኝና በዘጠኝ ሰው ሆነው በሕዝብ ፊት ተጫወቱ፤ ከተጫዋቾቹም አንዳንዶቹ የማክጊል ኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያን ቀን የመቱት ነገር ክብና ጠፍጣፋ እንጨት ነበረ። ዛሬ ግን ከጠንካራ ጎማ ይሠራል፤ በሜዳውም ላይ በአንድ ወገን ስድስት ሰው ይሰለፋል። የአገሩ ጠባይ ልዩ ልዩ ቢሆንም የጨዋታው ምሥጢር አንድ ነው። በበረዶም ላይ ቢሆን፣ በታጨደ እርሻም ላይ ቢሆን፣ ለባልንጀራው የማያቀብል ወገን አያሸንፍም።

እንግዲህ የመንደሩ ልጆች ዱላቸውን ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ፣ ፈጣኑን ልጅ አለቃ አድርገው መረጡት። በሚመጣው ቅዳሜም ከማዶ መንደር ልጆች ጋር ሊጫወቱ ተቃጠሩ። ፈጣኑም ልጅ ባልንጀሮቹን አንድ በአንድ እየጠራ አሰለፋቸው። በመጨረሻ የቀረው የታንኳ ሠሪው ልጅ ብቻ ነበረ። እርሱም ዱላውን ይዞ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ከልጆቹ አንዱ፣ «ይህንስ ለምን አትጠራውም? ክንዱ በመቅዘፍ የጠነከረ ነው» አለ። ፈጣኑ ልጅ ግን፣ «የታንኳ ሠሪ ልጅ ከእኔ ጋር አይሰለፍም። አንድ ሰው ቢጎድል ምን ይሆናል? እኔ ስለ ሁለት ሰው እሮጣለሁ» ብሎ መለሰ።

የታንኳ ሠሪው ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ዱላውን በትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

ቅዳሜም በደረሰ ጊዜ የሁለቱ መንደር ልጆች ተገናኙ። ፈጣኑ ልጅ እንደ ተናገረው ስለ ሁለት ሰው ሮጠ። ጥንጉንም ባገኘ ጊዜ ለማንም አያቀብልም ነበር፤ ብቻውን እየመታ ይሄድ ነበር እንጂ። የማዶ ልጆች ግን ሦስትና አራት ሆነው ይከብቡትና ይነጥቁት ነበር። ከዚያም አንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ ከወሰኑ ያሳልፉት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅም ሦስት ጊዜ አገቡባቸው፤ የፈጣኑ ልጅ ወገን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላገባም። ልጆቹም እርስ በርሳቸው እየተወቃቀሱ ተበተኑ። ፈጣኑ ልጅ ዱላውን መሬት ላይ ወርውሮ ከዋርካ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀመጠ፤ ከቁጣውም የተነሣ አለቀሰ።

በዚያ ዋርካ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ጨዋታውን ያዩ ነበር። እኒህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ሥራ ላይ የነበሩና ብዙ ነገር ያዩ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም፣ «አባባ፣ ከሁሉ ይልቅ የሮጥሁ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ባልንጀሮቼ ደካሞች ስለ ሆኑ ተሸነፍን» አላቸው።

ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ና፣ ወደ እኔ ቀረብ በል። ስለ መሸነፍና ስለ ማሸነፍ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ» አሉት። ሌሎቹም ልጆች ይህን ሰምተው እየተመለሱ በዙሪያቸው ተቀመጡ። ሽማግሌው የነገሩአቸው ታሪክ ይህ ነው።

የአፍሪካ አገሮች በእግር ኳስ የሚወዳደሩበት የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ተጀመረ። ለዚህ ውድድር የታሰቡት አራት አገሮች ነበሩ፤ እነርሱም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ነገር ግን በዚያን ዘመን የደቡብ አፍሪካ ገዥዎች ነጩንና ጥቁሩን ሰው ለያይተው ያኖሩ ነበር፤ ነጩንም ከጥቁሩ ጋር በአንድ ቡድን አናሰልፍም አሉ። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ቀረች። ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፅም 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ግብ ያገባው ኤድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነበረ።

ፈጣኑ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱ በራ፤ «እንግዲያስ አንድ ሰው ብቻውን ሊያሸንፍ ይችላል!» አለ።

ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ አራት ጊዜ ኳሱን ለኤድ ዲባ ማን አቀበለው? የግብፅንስ ግብ ማን ጠበቀ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም የሚመልሰውን አጣ። ሽማግሌውም ታሪካቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ዋንጫ በ1951 ዓ.ም. በግብፅ ከተማ በካይሮ ተደረገ። በዚያም ግብፅ ኢትዮጵያን እንደ ገና 4 ለ 0 አሸነፈቻት፤ ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈቻት። በሁለት ውድድር ኢትዮጵያ ዘጠኝ ግብ ተቆጠረባት፤ እርስዋ ግን አንድ እንኳ አላገባችም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ «ይህ ነገር ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎ በተወው ነበር። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ግን ዱላቸውን እንደ ወረወረው ልጅ አላደረጉም። ተመልሰው መለማመድ ጀመሩ።

ከቡድኑ መሪዎች ዋነኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እርሳቸው አስቀድመው ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫዋች ነበሩ። የተጫዋቾቹም አገር ልዩ ልዩ ነበር፤ ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና ከአሥመራ ተሰብስበው ነበር። በዚያን ጊዜ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተጣምራ ነበረች። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የሚባል የአሥመራ ልጅ ነበረ። ታናሽ ወንድሙም ኢታሎ ቫሳሎ ከእርሱ ጋር ይጫወት ነበር። እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ግን ጣልያናዊ ነበረ።

ሽማግሌው በዚህ ላይ ቃላቸውን ዝግ አድርገው እንዲህ አሉ፤ «ልጆቼ፣ ይህን አስተውሉ። የጣልያን ወራሪ ጦር ከኢትዮጵያ ከተባረረ ገና ሃያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። አባታቸው፣ ወንድማቸው የሞተባቸው ሰዎች በየቤቱ ነበሩ። ‹የጣልያን ልጅ በእኛ ላይ አምበል አይሆንም› ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን ሉቺያኖ የቡድኑ አምበል ሆኖ ተሰለፈ። ሰው አባቱን አይመርጥም፤ ሥራውን ግን ይመርጣል።»

ሦስተኛው ዋንጫ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ተደረገ። ወራቱ የገናና የጥምቀት ወራት ነበር። የመጡት አገሮች ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር ተጋጠመች። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቱኒዚያ ሁለት ግብ አገባች። ቀድሞ እንደ ሆነው ሁሉ ሽንፈት የመጣ መሰለ። ኢትዮጵያውያኑ ግን እርስ በርሳቸው አልተካሰሱም። አንዱን መለሱ፤ ሁለተኛውንም መለሱ። ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ የተባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ሁለት ግብ ጨመረ። ኢትዮጵያም 4 ለ 2 አሸነፈች።

የፍጻሜው ቀን ጥር 13 ነበር፤ ይኸውም ጥምቀት ከዋለ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ባላጋራይቱ ሁለቱንም ዋንጫ አስቀድማ የወሰደችው ግብፅ ነበረች። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የተባለ የግብፅ ተጫዋች አገባ። ኢትዮጵያውያኑ ግቡን ለመመለስ ብዙ ደከሙ፤ በ74ኛው ደቂቃም መለሱት። ሕዝቡም እልል አለ። ነገር ግን እልልታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ሁለተኛ ግብ አገባ።

ልጆቹ ይህን በሰሙ ጊዜ በሐዘን ተነፈሱ። ፈጣኑ ልጅም፣ «አባባ፣ ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተቀባበሉ» አሉት ሽማግሌው።

በ84ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ እንደ ገና መለሰች፤ ሁለት ለሁለትም ሆኑ። ዘጠናው ደቂቃ ስላለቀ ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረላቸው። ያን ጊዜ የሁሉም እግር ደክሞ ነበር። በደከሙም ጊዜ የሰው ልብ ይታወቃል፤ ለራሱ ክብር የሚሮጥ ሰው በድካም ጊዜ ይቆማል፤ ስለ ባልንጀራው የሚሮጥ ግን ጥቂት ይጨምራል። በ101ኛው ደቂቃ የአምበሉ ወንድም ኢታሎ አገባ። በ117ኛውም ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ያሸነፈቻትን አገር 4 ለ 2 አሸነፈች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን በእጃቸው ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡት።

ሽማግሌውም ይህን ከተናገሩ በኋላ እንዲህ ብለው ጨመሩ፤ «ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ዋንጫ አላገኘችም። ድል በአደራ የሚሰጥ ነገር ነው እንጂ ርስት አይደለም፤ አባቱ ስላሸነፈ ልጁ ሳይደክም አያሸንፍም። ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። በዘመናቸውም ሁሉ ሰውን በቆዳው የምትለይ አገር ወደ ውድድሩ እንዳትገባ አጥብቀው ተከራከሩ። ደቡብ አፍሪካ ያን ክፉ ሕግ በተወች ጊዜ ግን ተመልሳ ገባች። በ1988 ዓ.ም. ነጩና ጥቁሩ በአንድነት ተሰልፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደሩ፤ በዚያው ጊዜም ዋንጫውን ወሰዱ። ሰውን ከሰው በለየች ጊዜ ከበር ቀረች፤ ባስተባበረች ጊዜ ግን ዋንጫ አገኘች።»

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ወደ ፈጣኑ ልጅ ዘወር ብለው፣ «በዛሬው ጨዋታ የጎደለው ሰው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም አንገቱን ደፋ። ቆይቶም በቀስታ፣ «የታንኳ ሠሪው ልጅ ነበረ» አለ።

«ለምን ጎደለ?»

«አባቱ ታንኳ ሠሪ ስለ ሆነ ናቅሁት።»

ሽማግሌውም፣ «በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ ያረጀ በሽታችን ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንተ ግን ገና አልሰማኸውም። አባትህ ወደ ደሴቱ በሄደ ጊዜ በማን ታንኳ ተሻገረ?» አሉት። ልጁም የሚመልሰው ቃል አልነበረውም።

በማግሥቱ በጠዋት ፈጣኑ ልጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። የታንኳ ሠሪው ልጅ ከአባቱ ጋር ደንገል ያስር ነበር። ፈጣኑ ልጅ ሊናገር ያሰበውን ቃል ሁሉ በመንገድ ሲያጠና ነበር የመጣው፤ በደረሰ ጊዜ ግን ቃሉ ሁሉ ጠፋበት። «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» ብቻ አለ።

የታንኳ ሠሪው ልጅ ቶሎ አልመለሰለትም። የተናቀ ሰው ልብ እንደ እርጥብ ደንገል ነው፤ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ቆይቶም የገመዱን ጫፍ ዘረጋለትና፣ «ይህን አጥብቀህ ሳብ» አለው። ፈጣኑም ልጅ ሳበ። እስኪመሽ ድረስ አብረው ሲያስሩ ዋሉ። የፈጣኑ ልጅ እጅ በገመዱ ተላጠ፤ የቀኑም ሥራ ከሩጫ ይልቅ የከበደ መሆኑን አወቀ። ሊሄድም በተነሣ ጊዜ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣ «ለገና እመጣለሁ» አለው።

ታኅሣሥ 29 ቀን የገና በዓል ሆነ። ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ በኋላ የሁለቱ መንደር ልጆች በሜዳው ላይ እንደ ገና ተሰለፉ። የማዶ ልጆች አስቀድመው አንድ አገቡ። ነገር ግን የፈጣኑ ልጅ ወገን በዚህ ጊዜ አልተወቃቀሰም። የታንኳ ሠሪው ልጅ በሩጫ የዘገየ ቢሆንም፣ በመቅዘፍ የጠነከረው ክንዱ ጥንጉን እጅግ ያርቀው ነበር። ፈጣኑም ልጅ ወደ ፊት ይሮጥና ከእርሱ ይቀበል ነበር። ሲከብቡትም ብቻውን አልታገለም፤ ለጎኑ ባልንጀራ አቀበለ እንጂ። በዚህም ሁኔታ አንድ ለአንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ እነዚያም እነዚህም ብዙ ደከሙ፤ ሆኖም ማንም ሳያገባ ፀሐይ ከጣና በላይ ጠለቀች። ጥንጉም በጨለማው ስላልታየ ጨዋታው በእኩልነት ቀረ።

የፈጣኑ ልጅ ወገን በዚያን ቀን አላሸነፈም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ሦስት ያገቡባቸው የማዶ ልጆች በዚህ ቀን ሊያሸንፉአቸው አልቻሉም። ልጆቹም እየዘፈኑ በአንድነት ወደ መንደር ተመለሱ፤ የሁለቱንም መንደር ልጆች አንድ ላይ ያየ ሰው ማን የማን ወገን እንደ ነበረ ሊለይ አይችልም ነበር። ፈጣኑ ልጅም የታንኳ ሠሪውን ልጅ ወደ አባቱ ቤት አስገባው፤ ከአንድ መሶብም በሉ። በዚያ ቤት የታንኳ ሠሪ ልጅ ከማዕድ ሲቀርብ ያ ቀን የመጀመሪያው ነበረ።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ፈጣን እግር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሩቅ አይደርስም። በጨዋታም ቢሆን፣ በትምህርት ቤትም ቢሆን፣ በአገር ሥራም ቢሆን፣ ባልንጀራውን የናቀ ሰው የገዛ ወገኑን ያጎድላል። ስትሸነፉ ባልንጀሮቻችሁን ከመክሰስ አስቀድማችሁ፣ «ያልጠራነው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስታሸንፉም ያቀበላችሁን ሰው አትርሱ። ወደ ጣና ዳር በወረዳችሁ ጊዜም ታንኳውን ተመልከቱ፤ አንዱ ደንገል በትንሽ ልጅ እጅ ይታጠፋል፤ የታሰረው ደንገል ግን ማዕበሉን ያሻግራል።